ለአዲስ የሞተር ብስክሌት ነጂ ትሕትና ጋሻው ነው

የሰው ልጅ አዲስ መሣሪያ በእጁ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈተነው በጉልበቱ ሳይሆን በልቡናው ነው። በጅቡቲ ከተማ ሞተር ብስክሌት የገዛ ወጣትም ፈተናው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይፈራል፤ ስለ ፈራም ይጠነቀቃል። ጥቂት ወራት አልፈው እጁ መሪውን ሲለምድ ግን ልቡ ይኮራል፤ አደጋም የሚያደባው በዚህ ጊዜ ነው። መሣሪያውን መልመድና መንገዱን ማወቅ አንድ አይደሉምና።

የጅቡቲ መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚተላለፈው በዚሁ ወደብ ስለ ሆነ፥ ወደ ጋላፊ የሚያመሩ ከባድ የጭነት መኪናዎች ከትናንሽ ተሽከርካሪዎች ጋራ መንገድ ይጋራሉ። የመኪናው ነጂ በመስተዋቱ የማያየው ስፍራ አለ፤ በዚያ ስፍራ ገብቶ ለመቅደም የሚሽቀዳደም ሰው ራሱን እንደ ተሰወረ ይቁጠር። ፍጥነትም በእጥፍ ሲጨምር በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሕግ ጉብዝና አይሽረውም።

ልምድ ያለውም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም። በዐረብ ምድር ዘመቻው ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎሬንስ ለብዙ ዓመታት ሞተር ብስክሌት የነዳ ሰው ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በግንቦት 1935 ዓ.ም. ሁለት ልጆች በብስክሌት ሲሄዱ ድንገት ቢያገኝ፥ እነርሱን ለማዳን ሲል ወድቆ ራሱን ተመታ፤ በስድስተኛውም ቀን በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንስ ግን ነገሩን በኀዘን ብቻ አልተወውም። የሞተረኞችን የራስ ጉዳት መርምሮ በ1941 ዓ.ም. ጥናቱን አወጣ፤ የራስ ቁር፥ ማለት ሄልሜት፥ ነፍስ እንደሚያድን አስረዳ። ዛሬም የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ የራስ ቁርን በትክክል ማድረግ የአንጎልን ጉዳት እስከ 74 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

አንዳንዱ «በዚህ ሐሩር ማን ራሱን ይሸፍናል?» ይላል። እውነት ነው፥ የጅቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነገር ግን ላብ ይታጠባል፤ የተሰበረ ራስ ቅል ግን እንደ ነበረ አይመለስም።

ነገሩ የነጂው ብቻ አይደለም። የጉምሩክ ወረቀት አስይዞ ተላላኪውን «ቢሮው ሳይዘጋ ድረስ!» እያለ የሚያጣድፍ ነጋዴ፥ የራስ ቁር ሳይገዛለት፥ ልምዱንም ሳይመረምር ቢልከው ከኀላፊነት አያመልጥም። ሹሙም ደንብ ከማስከበሩ በፊት የራሱ መሥሪያ ቤት መልእክተኛ ደንቡን መጠበቁን ይመልከት። አንድ ቀን የዘገየ ዕቃ የመጋዘን ኪራይ ያስከፍላል፤ የጠፋ ልጅ ዋጋ ግን በየትኛውም ደረሰኝ አይጻፍም።

አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀም ይሆናል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይታፈስም። ስለዚህ አዲሱ ነጂ ዘግይቶ መድረስን እንደ ነውር አይቁጠረው፤ ነውሩ በቤት የሚጠብቁትን ማስለቀስ ነው።