መንገድ ጠራጊው እንግዳ



በየቤታችን የሕንድ ሰው ነገር ሲነሣ፣ አረጋውያን ወላጆቻችን የሚያስታውሱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማራቸውን መምህር ነው። ጠመኔ የያዘውን ሕንዳዊ አልረሳነውም፤ ከእርሱ አስቀድሞ ጠመንጃ ይዞ የመጣውን ወንድሙን ግን የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የመድኃኔ ዓለም በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ በሱዳን ጠረፍ ያለውን የጋላባትን ምሽግ ከኢጣልያኖች እጅ ነጠቀ። ማዶ ለማዶ የምትታየውን፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባትን መተማን ግን ያን ጊዜ ሊይዝ አልቻለም። ጠላት መተማን የለቀቀው በጥር ወር ነው፤ ሲሸሽም ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንጂ እየቀበረ ሄደ።

ለአሳዳጁ ጦር መንገድ እንዲጠርግ የታዘዘው የ22 ዓመቱ ወጣት፣ ምክትል የመቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነበር። ከጥር 23 ሌሊት ጀምሮ አራት ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ከሁሉ ፊት በሚሄደው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ፈንጂ የተቀበረባቸውን 15 ስፍራዎችም አግኝቶ አስጠረገ። ሁለት ጊዜ ተሽከርካሪው በፈንጂ ተመትቶ ባልደረቦቹ ተጎዱ፤ በሦስተኛው ጊዜ ደፈጣ ገጠመው። የጆሮው ታምቡር ተቀድዶ፣ ሰውነቱ ዝሎ ሳለ፣ ሌላ ሰው ይተካህ ቢሉት እምቢ አለ። ስለዚህም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ።

ባጋት በሕይወት ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በከረን ተራሮች ላይ የወደቁት ብዙ ሕንዳውያን ግን አልተመለሱም። ከእነርሱም የሂንዱና የሲክ እምነት ተከታዮች ሥጋቸው እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት በእሳት ስለ ተቃጠለ፣ በከረን መታሰቢያ አላቸው እንጂ መቃብር የላቸውም። የልጅን መቃብር ሳያዩ ማልቀስ ምን እንደ ሆነ የጎንደር እናት ታውቀዋለች፤ በዱር በገደል የወደቀውን የአርበኛ ልጇን ተዝካር ያወጣችው ዐፅሙ ያረፈበትን ሳታውቅ ነበርና።

«የላካቸው እንግሊዝ ነው፤ የመጡትስ ለእኛ ሲሉ ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ራሳቸውም በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ፣ የእነርሱ አገር ነጻነቷን ለማግኘት እስከ ነሐሴ 1939 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት። ለአርበኞቻችን የሚገባውን ክብርም ማንም አይወስድባቸውም። ነገር ግን ውለታ የሚለካው በላኪው አሳብ ብቻ አይደለም፤ በፈንጂው ላይ የቆመው እግር የማን እንደ ነበረም ይጠየቃል።

ጌታችን ከፈወሳቸው ዐሥር ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ፣ እርሱም ባዕድ እንደ ነበረ በወንጌል እናነባለን። እንግዲህ እኛ ከዘጠኙ ወገን አንሁን። የሚያዝያ 27 በዓል ሲደርስ ልጆቻችሁን ከአያቶቻቸው እግር ሥር አስቀምጡ፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይጠይቁ። የልደትና የዕረፍት ቀን በምትጽፉበት በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይም የቤተ ሰባችሁን አርበኛ ስም ጻፉ። ከሥሩም፣ ከሩቅ አገር መጥቶ የጎንደርን መንገድ የጠረገውን እንግዳ አስታውሱ።

እግዚአብሔር ውለታን ከመርሳት ይጠብቀን፤ አሜን።