ወረቀቱን ለምን ከለከሉህ?

ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1788 የጻፋት አንዲት የሲ ሜጀር ሶናታ አለች። ራሱ «ለጀማሪዎች» ብሏታል። ፒያኖ የጀመረ ሰው አንድ ቀን ሳይደርስባት አይቀርም። የመጀመሪያው ክፍሏ ውስጥ መንታ መንገድ አለ። መጀመሪያ አንድ ኮርድ ላይ ታርፍና ሁለተኛው ዜማ በጂ ሜጀር ይመጣል። ወደ መጨረሻው እዚያው ኮርድ ላይ ትመለስና ያው ዜማ በሲ ሜጀር ይመጣል። ኮርዱ አንድ፣ መንገዱ ሁለት።

እኔ ሁለተኛውን መንገድ ስቼ የመጀመሪያውን ገባሁ። መድረክ ላይ፣ እናቴ ፊት።

ቀን ኮድ የምጽፍ፣ ማታ ፒያኖ የምማር የ28 ዓመት ሰው ነኝ። የምማርበት ቦታ (ስሙን ልተወው) የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ አንድ ሕግ አለው፦ ኖታ ይዞ መድረክ መውጣት ክልክል ነው። ጂ ሜጀር ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ። ወደኋላ ተመልሼ ሞከርኩ፤ እጄ በዚያው መንገድ ወሰደኝ። በእኛ ሙያ ይህ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ይባላል። በሦስተኛው ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ ወረድኩ።

አስተማሪዬ «በደንብ አላጠናኸውም» አለኝ። እኔ ግን ሙዚቃዋን አውቃታለሁ እኮ! መንታ መንገዱ የት እንዳለና ወዴት እንደሚወስድ አሁን የነገርኳችሁ እኔው ነኝ። የጎደለኝ እውቀት ሳይሆን አንዲት ወረቀት ናት።

ከዚያ በኋላ ይህ ሕግ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1837 ገና 20 ዓመት ያልሞላት ክላራ ቪክ (በኋላ ክላራ ሹማን) በርሊን ላይ የቤትሆቨንን ሥራ ያለ ኖታ ተጫወተች። ጸሐፊዋ ቤቲና ፎን አርኒም ምን ተሰማት? አድናቆት እንዳይመስላችሁ። ልጅቷን ጉረኛ አለቻት። በዚያ ዘመን ኖታን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ለደራሲው የሚሰጥ ክብር ነበር፤ ያለ ኖታ መቀመጥ ደግሞ «ይህ የእኔ ፈጠራ ነው» እንደማለት ይቆጠር ነበር። ቀጥሎ እነ ሊስት መጡ፤ ፒያኒስቱ ብቻውን መድረኩን የሚሞላ ጀግና ሆነ፤ ጀግና ደግሞ ወረቀት አያይም። ትናንት ነውር የነበረው ዛሬ ግዴታ ሆነ። እንግዲህ የተፈጥሮ ሕግ የመሰለን ነገር የአንድ ዘመን ፋሽን ነው።

እሺ፣ የተቃዋሚዎቼን ትልቁን ማስረጃ እኔው ላንሣላቸው። ማሪያ ዡዋው ፒሬሽ አምስተርዳም ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት፣ ኦርኬስትራው ያልተዘጋጀችበትን የሞዛርት ኮንሰርቶ ሲጀምር የደነገጠችበትን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ፊቷን በእጇ ይዛ፣ ከዚያ ተራዋ ሲደርስ ከትዝታዋ አውጥታ ተጫወተችው። እኔም ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል። ግን ልብ በሉ፦ የምናደንቀው ከአደጋ መትረፏን ነው። ከአደጋ የተረፈ ሰው ስላየን ሁሉም ሰው አደጋው ውስጥ ይግባ ማለት ምን ዓይነት ሎጂክ ነው?

ደግሞስ ሕጉ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ያው ፒያኒስት ከቫዮሊን ጋር ሲጫወት ኖታ ፊቱ አለ፤ ማንም አይናገረውም። አዲስና ውስብስብ የዘመናችን ሥራ ሲያቀርብም ኖታ ይዞ ይወጣል። ብቻውን ቾፒንን ሊጫወት ሲቀመጥ ግን ወረቀቱ ድንገት የስንፍና ምልክት ይሆናል። ስቪያቶስላቭ ሪክተር ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ፒያኒስቶች አንዱ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አዳራሹን አጨልሞ፣ ኖታው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አብርቶ ነበር የሚጫወተው። ሰነፍ ነው የሚለው ካለ ይውጣና ይናገር።

በቃል መያዝ ጥቅም የለውም አላልኩም። አለው። ሙዚቃውን ፈትታችሁ እንድትገጥሙት ያስገድዳችኋል፣ ዓይናችሁን ለጣታችሁና ለጆሯችሁ ነፃ ያደርጋል። ያለ ኖታ የሚቀለው ሰው ያለ ኖታ ይጫወት። ጠቤ ከግዴታው ጋር ነው። ግዴታው የሚለካው ሌላ ነገር ነውና።

ይህን በሽታ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኢንጂነሪንግ ስንማር ፎርሙላ ሸምድዶ ኤ ያመጣ፣ ፎርሙላው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ዝም የሚል ልጅ ስንት ነበር? ሥራ ስገባ የሆነው ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማኑዋል ከፍቼ ነው የምሠራው። ጎበዝ የሚባለው ባልደረባዬ ሁሉንም በቃሉ የያዘው ሳይሆን ያነበበውን የሚረዳው ነው።

«አባቶቻችን በቃላቸው ነበር የሚይዙት» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ያዙ። ግን እነዚያው አባቶች ለድጓው ምልክት አበጅተው ብራና ላይ ጽፈውታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያለውም የእኛው ሰው ነው።

ሕጉ የሚያስከፍለው ዋጋ የእኔ እፍረት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። አንድን ሥራ እንዳይረሳ እየደጋገሙ በመቸክቸክ የሚያልቀው ሰዓት፣ ሌላ ያልሰማነውን ሥራ መማሪያ ይሆን ነበር። ጣቱ ገና እየሠራ፣ ትውስታውን መተማመን ስላቃተው ብቻ መድረክ የሚፈራ አዛውንት ፒያኒስትም አለ። ከእኔ በኋላ ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ እኔን ካየች በኋላ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ያን ቀን ስለ ሞዛርት ምን ተማረች? ምንም። ፍርሃት ተማረች።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ታክሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ቤት ስትጫወተው ያምር ነበር። ወረቀቱን ለምን ከለከሉህ?» አለችኝ።

መልስ ፈለግሁ። እስካሁን አላገኘሁም። ዘንድሮ ያችኑ ሶናታ ይዤ እወጣለሁ፣ ከነወረቀቷ። የሚከለክለኝ ካለ መልሱን ለእናቴ ይንገራት።