ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚወገደው ቶንሲል ለምርምር ይዋል

ስለ ሰው የበሽታ መከላከል ሥርዓት የምናካሂደው ጥናት በአብዛኛው በደም ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው። ደም በቀላሉ ይቀዳል፤ ይሁንና ለቢ ሕዋሳት በዋናነት መተላለፊያቸው እንጂ የሚበስሉበት ስፍራ አይደለም። ብስለታቸውን በቅርብ ለማጥናት ከቶንሲል የተሻለ የሰው ሕብረ ሕዋስ በቀላሉ አይገኝም።

በቶንሲል ውስጥ ጀርሚናል ሴንተር በሚባለው ስፍራ፣ ቢ ሕዋሳት በጨለማው ክልል በፍጥነት ይባዛሉ፤ የፀረ እንግዳ አካል ዘረ መላቸውም በዚያው ይለዋወጣል። ከዚያም ወደ ብርሃናማው ክልል ተሻግረው ፎሊኩላር ዴንድሪቲክ ሕዋሳት በያዙት አንቲጅን ይፈተናሉ። አንቲጅኑን አጥብቆ የሚይዘው ሕዋስ ከፎሊኩላር ረዳት ቲ ሕዋስ ድጋፍ አግኝቶ ይተርፋል፤ ድጋፍ ያጣው ይሞታል። ከተረፉት መካከል ከፊሎቹ ለዳግም ለውጥ ወደ ጨለማው ክልል ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ ባለ ትውስታ ቢ ሕዋስ ወይም ፀረ እንግዳ አካል አመንጪ ፕላዝማ ሕዋስ ይሆናሉ። የደም ናሙና የሚያሳየን በአመዛኙ የዚህን ሂደት ውጤት ነው።

ጉዳዩ ከዕውቀት ጉጉት ያለፈ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜዲስን» መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ምክንያት ቶንሲላቸው በተደጋጋሚ የሚታመም ሕፃናት ጀርሚናል ሴንተሮቻቸው አነስተኛ መሆናቸውን አሳይቷል። ይኸው ባክቴሪያ በሀገራችን የብዙ ልጆችን የልብ ቫልቭ ለሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻ ነው። የእኛ ልጆች ቶንሲል ምን እንደሚመስል ግን ከሌላ ሀገር ናሙና ልንደመድም አንችልም።

«የታመመ ቶንሲል ጤናማውን አይወክልም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ቶንሲል የሚወጣው በኢንፌክሽን ምክንያት ብቻ አይደለም፤ አብጦ በእንቅልፍ ጊዜ አተነፋፈስን ሲያውክም ይወጣል። ሁለቱን ቡድኖች ማነጻጸር ይቻላል፤ የተጠቀሰው ጥናትም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስለሆነም የማስተማሪያ ሆስፒታሎችና የድኅረ ምረቃ ክፍሎች በጋራ ቀላል ሥርዓት ቢዘረጉ መልካም ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ይቅደም፤ የወላጅ ፈቃድ የሚጠየቀውም የቀዶ ሕክምናው ውሳኔ ካለቀ በኋላ ይሁን። ለፓቶሎጂ ምርመራ የሚያስፈልገው ከተወሰደ በኋላ፣ ከቀሪው ገሚሱ በፎርማሊን ተጠብቆ ለማይክሮስኮፕ ይዘጋጅ፤ ገሚሱ ሕዋሳቱ ተለይተው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጡ። ለጅምሩ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በቀዶ ሕክምና ክፍሉና በላቦራቶሪው መካከል ናሙናውን በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ነው።