ጥፋተኛ ዶማ የሚጨብጠው መቼ ነው?

ሰው ሲያጠፋ «ይታሰር!» ማለት ለአፍ ይቀላል። ነገር ግን በከሚሴ ዙሪያ ያለ ገበሬ በዘር ወቅት ሦስት ወር ቢታሰር የማሽላው ጊዜ ያልፈዋል፤ ቅጣቱም ምንም ያላጠፉት ልጆቹ ዘንድ ይደርሳል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነገ ደብተር አጥቶ ከክፍላችን የሚቀረው ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን አስቦበታል። በአንቀጽ 103 መሠረት ጥፋቱ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ጥፋተኛው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ካልሆነ፣ በእስራት ፈንታ የግዴታ ሥራ ሊወሰንበት ይችላል። ይህንንም በመደበኛ ሥራው ቦታ ወይም በሕዝብ ሥራ ላይ ይፈጽማል፤ ከገቢውም እስከ አንድ ሦስተኛ ለመንግሥት ይቆረጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ ጥፋተኛ በፈቃዱ ከ40 እስከ 240 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲሠራ ፈቅዳ ነበር፤ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች።

ታዲያ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ሥራው ከጥፋቱ ጋር ሲዛመድ። ከተከለለ ተራራ ዛፍ የቆረጠ ችግኝ ይትከል፣ ይኮትኩትም፤ ከብቱን ለቆ እርከን ያስፈረሰ እርከኑን መልሶ ይካብ። ሁለተኛ፣ ተበዳዩ ካሳውን ሲያገኝ። በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት አገናኝተው ነው። ጎረቤቱ እንደተቀየመ ጥፋተኛው መንገድ ቢጠርግ ምን ይፈይዳል? ሦስተኛ፣ የሚቆጣጠር ሰው ሲኖር። ፈርሞ ጥላ ሥር የሚውል ከሆነ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ሚስቱን የደበደበ፣ በመሣሪያ የዘረፈስ? የእሱ ነገር በዶማ አይታለፍም፤ የተበዳይ ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሥራን ቅጣት ካደረግነው ልጆች ሥራን ይንቃሉ» ይላሉ። እውነት አላቸው። ያረፈደ ተማሪ ሽንት ቤት እንዲያጸዳ ሲታዘዝ ጽዳት ውርደት ነው ብለን ማስተማራችን አይደለም እንዴ? ስለሆነም መተው ያለብን ማዋረዱን ነው። ወንበር የሰበረ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሆኖ ይጠግን፤ ሲጨርስም «ጎበዝ» ይባል።

ነገ በየገጠሩ የምንመደበው እኛ ነን። ልጅ ቅጣት ምን እንደሆነ የሚማረው ዳኛ ፊት ከመቅረቡ ብዙ ዓመት በፊት፣ እኛው ዘንድ ነው።