አቧራው ሳይቀድመን እንደዋወል

ለጋን ያቭኔ፣ ለያቭኔ፣ ለገዴራና ለቂርያት መላኪ ወገኖቻችን!

በሴፕቴምበር 2015፣ ሮሽ ሃሻና ሊገባ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አገሩን አቧራ ሸፍኖት ለቀናት ቆየ። አቧራው የመጣው ከሶሪያና ከኢራቅ አካባቢ ነበር፤ ያስነሣውም የነጎድጓድ ደመና ያወረደው ነፋስ ነው። ዝናቡ መሬት ሳይደርስ በደረቅ አየር ውስጥ ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ቁልቁል ወርዶ ደረቁን አፈር እየጠረገ ይሮጣል። እንዲህ ያለ ደረቅ አፈር ያለበት የኔጌቭ በረሃም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በገዴራና በቂርያት መላኪ አጠገብ የሚያልፈው 40 ቁጥር መንገድ በቀጥታ ወደዚያው ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን በአብዛኛው በዕብራይስጥ ነው። ብዙ እናቶችና አባቶች አይሰሙትም። ደቃቁ አቧራ ደግሞ አስም፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው አስቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ ወሬውን ከቤታቸው ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

ወጣቶች፦ በሕንጻችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ስልክ ዛሬውኑ ያዙ። ማስጠንቀቂያ በወጣ ቁጥር ደውሉና «እማማ፣ ነገ አቧራ ስላለ አይውጡ፤ መስኮቱን ይዝጉ፤ መድኃኒትዎ አለ ወይ?» በሏቸው። በሰንበት ስልክ የማያነሡትን ዓርብ ሳይመሽ ንገሯቸው፤ ካልሆነም በእግራችሁ ሂዱ።

ሕመምተኞች፦ በአፍ የሚሳበው መድኃኒታችሁ እንዳያልቅ በዚህ ሳምንት ቁፓት ሆሊም ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ሳትዘገዩ 101 ደውሉ።

እናቶች፦ መስኮት በተዘጋ ቤት ከሰል አታቀጣጥሉ። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። አቧራ ባለበት ቀን ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ፤ ዕጣኑም ይቆይ።

ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳን የምትተክሉ፦ ትንበያውን ሳታዩ አትትከሉ። የንፋስ ማስጠንቀቂያ ካለ አዳራሽ ያዙ። ከበረንዳና ከጣሪያ ላይ ቆርቆሮና ወንበር አስገቡ። የወደቀ የመብራት ሽቦ አትጠጉ፤ 103 ደውሉ።

አሽከርካሪዎች፦ አቧራው መንገዱን ከጋረደው ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ መብራቱን ሁሉ አጥፉ፤ እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሡ። አለዚያ ከኋላ የሚመጣው መብራታችሁን ተከትሎ ይገጫችኋል።

በመጨረሻም ሁላችን ለየከተማችን አስተዳደር በ106 እንደውል። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የአቧራና የንፋስ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፣ በድምፅ ይላክልን። ማንበብ የማይችሉ ወላጆቻችን በጽሑፍ መልእክት አይጠበቁም። አንድ ሰው ቢደውል ቅሬታ ተብሎ ይታለፋል፤ መቶ ሰው ቢደውል ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

ከመጪው ሰንበት በፊት እያንዳንዳችን የአምስት አረጋውያንን ስልክ ይዘን እንገኝ። የመጀመሪያውን ጥሪ ዛሬ ማታ እንደውል።