ሽለላ በሳክስፎን

ሳክስፎን የሚነፋበት ዘፈን በቤት ሲሰማ አባት «ቀንሱት» ማለቱ፥ ልጅም ጥቂት ቈይቶ መልሶ ከፍ ማድረጉ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። አባትና ልጅ አብረው ሊያደምጡት የሚገባ አንድ ሸክላ ስላገኘን ግን ዛሬ ስለ እርሱ እንጽፋለን። ስሙ «ሞዓ አንበሳ» ይባላል፤ የወጣው በ2006 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ሳክስፎኑን የነፉት አቶ ጌታቸው መኩሪያ ሲሆኑ፥ ያጀቧቸው «ዘ ኤክስ» የተባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ናቸው።

እነዚህ ሆላንዶች በ1979 በአምስተርዳም ከተማ የተሰበሰቡ የፓንክ ሰዎች ናቸው። ፓንክ ጊታሩን እንደ ግንድ የሚፈልጥ፥ ለጆሮ የማይራራ ሙዚቃ ነውና ሽለላ በእጃቸው ገባ ሲሉን መጀመሪያ ደንግጠን ነበር። ሽለላ የጀግና ክብር ነው፤ ለጭፈራ ሊውል አይገባም የሚል ሰው ቢኖር አንነቅፈውም።

ነገሩን ስንመረምረው ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። አቶ ጌታቸው በ1949 በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤት ሙዚቀኛ ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አገለገሉ። የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፥ ሸላይ በጕሮሮው የሚያወጣውን ድምፅ በሳክስፎን ያወጡ ሰው ናቸው። በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ወደ አምስተርዳም ጠሯቸው። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 69 ነበር። ከበዓሉ በኋላ አጃቢዎቻቸው እንዲሆኑ የጠየቁት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው እንጂ ሆላንዶቹ አይደሉም።

ይህ ሥርዓት በሸክላው ላይ ይሰማል። ሽለላ የተቈጠረ ምት የለውም፤ ሸላዩ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስበዋል። ሆላንዶቹ ከበሮውንና ጊታሩን ከሥር አጽንተው ሲይዙ እሳቸው ከላይ እንደ ልባቸው ይፎክራሉ፤ የሰሚም ትከሻ ሳይታዘዝ ይነሣል። አንዳንድ ስፍራ የጊታሩ ፍጭት ስለ በዛብን እኛም እንደ አባቶች «ቀንሱት» ብለናል። «ሙዚቃዊ ስልት» ሲደርስ ግን ቃላችንን አነሣን።

ከቤታችን ልጆች አንዱ ሰምቶ ሲጨርስ «ሽለላ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከፈረንጅ ሸክላ ተነሥቶ መጠየቁ ጥቂት አሳፈረን፤ ያን ማታ ግን የምናስታውሰውን ሁሉ አሰማነው።

አቶ ጌታቸው በ2014፥ 65 ዓመት ከነፉ በኋላ፥ ከነዚያው ሆላንዶች ጋር በብሔራዊ ቴአትር ተጫወቱ። ይኸውም በወጣትነታቸው ያገለገሉበት ያው አዳራሽ ነው። በ2016 ዐረፉ።