እንዶድና የውኃ ቀንድ አውጣ

በደጋ አገር በየአጥሩ ተጠምጥሞ የሚበቅለው እንዶድ ሸማ ከማንጣት የበለጠ ሥራ ያለው መኾኑን ሹማምንትም ካህናትም ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው እንዲህ ነው። በሽተኛው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል ወደ ውኃ ይገባል፤ ከእንቍላሉ የተፈለፈለውም ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ከተራባ በኋላ ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣና የሚታጠበውን ወይም ውኃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው የጠፋ እንደ ኾነ የበሽታው መንገድ ተቈረጠ ማለት ነው።

ይህም በእንዶድ ሊፈጸም እንደሚችል የገለጠው ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክቶር አክሊሉ ለማ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ቢያይ ነገሩን በቸልታ ሳያልፍ መረመረው። ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በዐድዋ በተደረገው ሥራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ከመቶ 50 የነበሩት በሽተኞች ወደ 7 ወረዱ። ስለ ድካሙም በ1989 ከዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ያለችው አምበር ደጋ ናትና፣ ብርዱ ለቀንድ አውጣው ስለማይመች ነገሩ አይመለከተንም የሚል ይኖር ይኾናል። ነገር ግን ደገኛው ለእርሻና ለንግድ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ሲመለስም ትሉን በሆዱ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ደግሞም በሽታው የሚበረታው በሞቃቱ ውኃ ሲኾን እንዶድ የሚስማማው ደጋውና ወይና ደጋው ስለ ኾነ፣ ሕመሙ ከታች መድኃኒቱ ከላይ ነው። እንግዲህ ፍሬውን አድርቆ ለቆላው ማቅረብ የደገኛው ድርሻ መኾን አለበት።

አንዳንዶች የአረም መድኃኒት ወደ ውኃ ቢጨመር ቀንድ አውጣውን ያጠፋል ብለው ይገምታሉ። በ2018 የወጣ ምርምር ግን የዚህ ተቃራኒ ሊኾን እንደሚችል አሳይቷል፤ አንዳንዱ የአረም መድኃኒት በውኃው የሚንሳፈፈውን ረቂቅ አትክልት ስለሚገድል ብርሃን ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀንድ አውጣው የሚመገበው አልጌም ይበዛል።

እንዶድም ቢኾን ዓሣን ይገድላል፤ የቀንድ አውጣውን እንቍላል ግን አያጠፋምና በየጊዜው መደገም ይኖርበታል። ስለዚህ መጠኑን የጤና ሠራተኞች ይወስኑ። የወረዳው ሹማምንት ችግኙን ያስተክሉ፤ አድባራትም በቅጥራቸው ዙሪያ ስፍራ ይስጡት። ካህናት በወንዝ ዳር መጸዳዳት እንዲቀር ሕዝቡን ቢያስተምሩ ቃላቸው ከአዋጅ ይልቅ ይሰማል። የእንዶዱም ኀይል የሚበረታው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ነውና፣ ለቀማው ሳይቀላ መጀመር አለበት።